ስለ ውሃ ቀለም ሥዕል፤ የኖርዊች ሠዓሊዎች ማኅበርና ለሠዓሊዎች የሚሆን ምክር



በቤቱ ግድግዳ ላይ ሥዕል የሰቀለ ሰው ሁሉ ሥዕሉን ያየዋል፤ ነገር ግን ሥዕሉ ቀስ በቀስ ሲለወጥ የሚያስተውለው ጥቂት ነው። በየቀኑ የምናየው ሰው እያረጀ መሄዱ እንደማይታወቀን፥ በመስኮት ፊት ለፊት የተሰቀለው የውሃ ቀለም ሥዕልም ከዓመት ወደ ዓመት ሰማዩ እየሣሣ ጥላውም እየጠፋ ሲሄድ ባለቤቱ አያውቅም። አንድ ቀን ግን መስተዋቱን ለመጥረግ ሥዕሉን ከክፈፉ ሲያወጣው፥ በክፈፉ ጠርዝ ተሸፍኖ የኖረው ቀጭን ዳር ጥልቅ ሰማያዊ ሆኖ፥ የቀረው ሰማይ ሁሉ ግን ገርጥቶና ቀልቶ ያገኘዋል። ምን ያህል ነገር እንደ ጠፋበት የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው፤ ዳሩ ግን የጠፋው አይመለስም።

ዛሬ በዚህ ዐምዳችን ልንናገር ያሰብነው ስለዚሁ ነገር ነው። ምክር ያለ ምሳሌ ጨው እንደሌለው ወጥ ስለ ሆነ፥ አስቀድመን በእንግሊዝ አገር በኖርዊች ከተማ ስለ ነበረው የሠዓሊዎች ማኅበርና ስለ ትርኢቱ እንተርካለን። ቀጥለንም ከዚያ ታሪክ የተገኘውን ትምህርት ለሚሥሉትም ሥዕል ገዝተው በቤታቸው ለሚሰቅሉትም እናቀርባለን። በዚህ ጽሑፍ የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልን።

የውሃ ቀለም ማለት በደንብ የተፈጨ ቀለም ከሙጫ ጋር ተለውሶ፥ በውሃ ቀጥኖ በወረቀት ላይ የሚቀባ ነው። የዘይት ቀለም ወፍራም ስለ ሆነ የበታቹን ይሸፍናል፤ ሠዓሊው ቢሳሳት በላዩ ደግሞ ቀብቶ ስሕተቱን ይሰውራል። የውሃ ቀለም ግን ስስ ነው። ብርሃን በቀለሙ ውስጥ አልፎ ነጩን ወረቀት ይነካና ተመልሶ ወደ ዐይናችን ይመጣል። ስለዚህ በዚህ ዐይነት ሥዕል ውስጥ የሚያበራው ወረቀቱ ነው። ሠዓሊው ነጭ ደመና ወይም ፀሐይ የመታችው ግድግዳ ለማሳየት ሲፈልግ ወረቀቱን ሳይነካ ይተወዋል እንጂ ነጭ ቀለም አይጨምርም። ስሕተቱም ከበታች ስለሚታይ መሸፈኛ የለውም። እንግዲህ ብርሃን ለዚህ ሥራ ሕይወት ሰጪው ነው፤ ወደ ኋላ እንደምናሳየውም አጥፊው ደግሞ ያው ብርሃን ነው።

ኖርዊች በእንግሊዝ አገር በምሥራቅ በኩል በኖርፎክ ግዛት የምትገኝ የቆየች ከተማ ናት። በዚያ ዘመን ከተማይቱ በሸማኔዎቿ ሥራ የታወቀች ነበረች። አገሩ ሜዳ ስለ ሆነ ሰማዩ ሰፊ ሆኖ ይታያል፤ ዌንሰም የተባለው ወንዝም በከተማይቱ መካከል ያልፋል፤ በሜዳውም ላይ የነፋስ ወፍጮዎች ቆመው ይታዩ ነበር። ለሠዓሊ ይህ ሁሉ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ከሎንዶን የራቀ ሠዓሊ ሥራውን የሚያሳይበት ስፍራና የሚመክረው ባልንጀራ አያገኝም ነበር።

ጆን ክሮም የተባለው ሰው በዚህች ከተማ በ1768 ተወለደ። አባቱ ሸማኔ ነበረ። ክሮም በልጅነቱ ለአንድ ሐኪም ተላላኪ ሆኖ ካገለገለ በኋላ፥ ሠረገላና የሱቅ ምልክት ሰሌዳ ለሚቀባ ባለሙያ ደቀ መዝሙር ሆኖ ገባ። ባልንጀራው ሮበርት ላድብሩክም እንደ እርሱ ሥዕል ወዳድ ነበረ፤ ሁለቱም ወጣቶች እኅትማማቾችን አግብተው ዋርሳዎች ሆኑ። እነዚህ ሰዎች ከሌሎች ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው በ1803 የኖርዊች ማኅበር የተባለውን መሠረቱ። የማኅበሩ ዓላማ ሥዕል መሸጥ ብቻ አልነበረም። አባሎቹ በየሁለት ሳምንቱ እየተሰበሰቡ ስለ ሥዕል፥ ስለ ሕንጻና ስለ ቅርጻ ቅርጽ ጥበብ አመጣጥና ሁኔታ ይመረምሩ፥ የተሻለውን የአጠናን መንገድም ይነጋገሩበት ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ በ1805 ማኅበሩ የመጀመሪያውን የሥዕል ትርኢት ለሕዝብ ከፈተ። በዚያው ዓመት በሎንዶን ከተማ ደግሞ በ1804 የተመሠረተው የውሃ ቀለም ሠዓሊዎች ማኅበር የመጀመሪያ ትርኢቱን አሳየ። የሎንዶኖቹ የተለየ ማኅበር ያቆሙበት ምክንያት በታላቁ የንጉሥ አካዳሚ ትርኢት ላይ ስሱ የውሃ ቀለም ሥዕል በትልልቅ የዘይት ሥዕሎች መካከል ተሰቅሎ ክብሩን ስለሚያጣ ነበር። የኖርዊች ሰዎች ግን ዘይቱንም የውሃ ቀለሙንም በአንድ አዳራሽ ያሳዩ ነበር። ከዋና ከተማው ርቆ በየዓመቱ እንዲህ ያለ ትርኢት ማድረግ በእንግሊዝ አገር አዲስ ነገር ነበረ። ትርኢቱም እስከ 1825 ድረስ በየዓመቱ ሳይቋረጥ ቆየ፤ ያን ጊዜ አዳራሹ በመፍረሱ ተቋረጠና በ1828 በሌላ ስፍራ ተከፍቶ እስከ 1833 ቀጠለ።

ይህ ማለት ግን በመካከላቸው ጠብ አልነበረም ማለት አይደለም። በ1816 ላድብሩክ ከዋርሳው ከክሮም ጋር ስለ ማኅበሩ ደንብ ሳይስማማ ቀርቶ ከጥቂት ሠዓሊዎች ጋር ተለየ፤ እነርሱም እስከ 1818 ለሦስት ዓመት የራሳቸውን ትርኢት አደረጉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ሁሉ፥ ድሩ ሲለያይ የሚሆነውም የታወቀ ነው፤ በአንዲት መካከለኛ ከተማ ሁለት ትርኢት የሚያኖር በቂ ገዢ ከየት ይገኛል? የተለየው ወገን በሦስት ዓመት ሲያበቃ የቀደመው ማኅበር ግን ሥራውን ቀጠለ።

ከማኅበሩ ሠዓሊዎች መካከል በውሃ ቀለም ከሁሉ የላቀው ጆን ሴል ኮትማን ነው። በ1782 በዚያችው በኖርዊች ከፀጉር አስተካካይ ቤት ተወለደ፤ በ16 ዓመቱ ወደ ሎንዶን ሄዶ በኅትመት ሥዕሎች ላይ ቀለም እየቀባ እንጀራውን ይበላ ነበር። ከ1803 እስከ 1805 በየበጋው ወደ ዮርክሺር እየተጓዘ ወንዙንና ጫካውን ሣለ። ግሬታ ከተባለው ወንዝ ላይ ያለውን ድልድይ የሚያሳየው ሥዕሉ ዛሬ በሎንዶን በብሪቲሽ ሙዚየም ይገኛል። መጠኑ ከአንድ ክንድ ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በአገሩ የሥዕል ታሪክ ውስጥ ከታላላቆቹ ይቈጠራል። በዚህ ሥዕል ውስጥ ኮትማን ቅጠሉን በቅጠል፥ ድንጋዩን በድንጋይ አልቈጠረም። አንዱን ስስ ቀለም እንደ ተቈረጠ ጨርቅ በልኩ አኑሮ እስኪደርቅ ጠበቀ፤ ከዚያም ሌላውን በአጠገቡ ወይም በላዩ አኖረ። ነጩ ድልድይ ያልተነካ ወረቀት ያህል ያበራል።

ኮትማን በ1806 ወደ ኖርዊች ተመለሰ፤ በ1811ም የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነ። ይሁን እንጂ ሥዕሉ ለቤተ ሰቡ በቂ ገንዘብ አላስገኘለትምና በማስተማር መኖር ግድ ሆነበት። በ1809 አንድ አዲስ ነገር አሰበ፤ ይኸውም ስድስት መቶ ያህል ሥዕሎቹን እንደ መጽሐፍ ቤት አደራጅቶ፥ ዋጋ ለከፈለ ተማሪ እቤቱ ወስዶ እየገለበጠ እንዲማርባቸው ማዋስ ነው። በየቤቱ ያሉ ወንዶችና ሴቶች ልጆች መምህሩ በሌለበት ሰዓት የመምህሩን እጅ ፊታቸው አድርገው ይማሩ ነበር። በ1834 በሎንዶን የኪንግስ ኮሌጅ ትምህርት ቤት የሥዕል መምህርነት አግኝቶ ሄደ፤ በኋላ ታላቅ ሠዓሊና ባለቅኔ የሆነው ዳንቴ ገብርኤል ሮዜቲ በዚያ ተማሪው ነበር። ኮትማን በዕድሜው ሁሉ ከኀዘንና ከመንፈስ ጭንቀት ጋር ሲታገል ኖሮ በ1842 ዐረፈ። ሥራዎቹ ከሞቱ በኋላ በርካሽ ዋጋ ተሸጡ፤ ዛሬ ግን ሙዚየሞች እንደ ከበረ ነገር ይጠብቋቸዋል። ሁለት ወንዶች ልጆቹም፥ ማይልስ ኤድመንድና ጆን ጆዜፍ፥ የአባታቸውን ሙያ ይዘው ሠዓሊዎች ሆነዋል።

አሁን ግን ወደ ጽሑፋችን ዋና ነገር እንመለስ። የኮትማን ሚስት እኅት ያገባው ጆን ተርትል የተባለ ሌላ የማኅበሩ ሠዓሊ ነበረ። በ1777 ከጫማ ሠሪ ቤት የተወለደው ይህ ሰው በሎንዶን የሥዕል ክፈፍ ሥራ ተምሮ ወደ ኖርዊች ተመልሶ በዚሁ ሙያ ይኖር ነበር። በውሃ ቀለምም የወንዙን ዳርቻ፥ ጀልባዎቹን፥ ዝናም ያዘለውን ሰማይ በታላቅ ችሎታ ይሥል ነበር። ከዚህም በላይ ስለ ውሃ ቀለም አሣሣል ለሠዓሊዎች የሚሆን የምክር ጽሑፍ በእጁ ጽፎ ተወ። እንግዲህ ሥዕልን ማን ይጠብቃል ቢባል፥ ሠዓሊም ክፈፍ ሠሪም ምክር ጸሐፊም ከሆነው ከተርትል የሚበልጥ ማን ይገኛል?

ሆኖም ዛሬ ከተርትል ሥዕሎች ብዙዎቹ እርሱ እንደ ተዋቸው አይደሉም። ግራጫ የዝናም ደመና የሣለበት ሰማይ ዛሬ እንደ ማምሻ ሰማይ ቀልቶ ይታያል፤ ነገሩን የማያውቅ ተመልካችም ሠዓሊው የፀሐይ መጥለቂያን የሣለ ይመስለዋል። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ተርትል ግራጫውን ቀለም የሚያገኘው ኢንዲጎ የተባለውን ከቅጠል የሚወጣ ሰማያዊ ቀለም ከቀይ የብረት አፈር ጋር እየቀላቀለ ነበር። ቀዩ አፈር ብርሃንን ይችላል፤ ከቅጠል የወጣው ሰማያዊ ግን በስስ ሲቀባ በብርሃን ይጠፋል። ሁለቱ አብረው ሳሉ ግራጫ ነበሩ፤ አንዱ ሲሞት የቀረው ቀይ ብቻውን ቆመ። እኛ ተርትልን በዚህ አንነቅፈውም፤ በእርሱ ዘመን ኢንዲጎ የማይጠቀም ሠዓሊ ጥቂት ነበር፤ ነገሩም ገና በምርመራ አልተረጋገጠም ነበር። ነገር ግን የሰው ብልሃትና ትጋት ሁሉ በአንድ መጥፎ ቀለም ምክንያት ሊባክን እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ምርመራው የመጣው በ1888 ነው። ራስልና አብኒ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት የብርሃን ኀይል በውሃ ቀለም ላይ ምን እንደሚያደርግ መርምረው ለእንግሊዝ መንግሥት መግለጫ አቀረቡ። ቀለም የተቀቡ ወረቀቶችን በመስተዋት ቱቦ ውስጥ አድርገው ለብርሃን ሲያጋልጡ፥ ብዙዎቹ ቀለሞች በእርጥብ አየር ውስጥ ፈጥነው ሲጠፉ፥ አየሩ በወጣለት ቱቦ ውስጥ ግን አብዛኞቹ ሳይለወጡ መቆየታቸውን አገኙ። ስለዚህ ብርሃን የሚያጠፋው ከአየርና ከእርጥበት ጋር ተባብሮ መሆኑ ታወቀ፤ ኢንዲጎና ከትንሽ ነፍሳት የሚወጣው ካርሚን የተባለው ቀይም ከደካሞቹ ወገን መሆናቸው ተረጋገጠ።

የብርሃንን ነገር በሚገባ ካስተዋሉት ሰዎች አንዱ ሄንሪ ቮን የተባለው ሥዕል ሰብሳቢ ነበረ። ይህ ሰው ተርነር የተባለው ታላቅ ሠዓሊ የሣላቸውን 38 የውሃ ቀለም ሥዕሎች በ1900 ለስኮትላንድ ብሔራዊ የሥዕል ቤት በኑዛዜ ሲያወርስ፥ ሥዕሎቹ ለሕዝብ የሚታዩት በጃንዋሪ ወር ብቻ እንዲሆን አዘዘ። በዚያ አገር በዚያ ወር ቀኑ አጭር፥ ብርሃኑም ደካማ ነው። ከዚያ ወዲህ ሥዕሎቹ በኤዲንብራ በጃንዋሪ እየታዩ በቀረው ጊዜ በጨለማ ሲቀመጡ ስለ ኖሩ ቀለማቸው እስከ ዛሬ ትኩስ ነው። አንድ ሰው በኑዛዜው ውስጥ በጻፈው አንድ ቃል ምን ያህል ውበት እንዳዳነ ይታይ።

ለእኛም ይህ ነገር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። በአገራችን በብራና መጻሕፍት ውስጥ የተሣሉት ሥዕሎች ከብዙ ዘመን በኋላ ሲገለጡ ቀለማቸው የትናንት የሚመስልበት አንዱ ምክንያት፥ መጽሐፉ ተዘግቶ በማኅደር ውስጥ ስለሚኖር ነው። በአንዳንዶቹም መጻሕፍት ከሥዕሉ ራስ ላይ የተሰፋ ስስ የጨርቅ መጋረጃ ይገኛል፤ አንባቢው ገልጦ ያያል፥ አይቶም ይሸፍናል። መጋረጃው ለክብር የተደረገ ቢሆንም ሥዕሉን ጠብቆታል። አባቶች ለክብር ያደረጉትን እኛ ለጥበቃ ብናደርገው ሁለቱም ይገኙልናል።

ከዚህ ታሪክ የተነሣ ለሚሥሉት ሁሉ የሚከተለውን ምክር እናቀርባለን።

አንደኛ፤ ስለ ወረቀት። ከጥጥ የተሠራና አሲድ የሌለበት ወረቀት ይመረጥ። ከእንጨት የሚሠራው ርካሽ ወረቀት በጥቂት ዓመት ይበጫል፤ ወረቀቱም ከበጨ ብርሃኑን የሚመልሰው ነጭ መሠረት ጠፋ ማለት ነው። በካሬ ሜትር 300 ግራም የሚመዝነው ወፍራም ወረቀት ውሃ ሲነካው ብዙ አይጨማደድም፤ ከዚያ የሳሳው ግን አስቀድሞ በውሃ ረጥቦ፥ ዳርና ዳሩ በሙጫ ወረቀት በሰሌዳ ላይ ተጣብቆ ሊደርቅ ይገባል። ለጀማሪ ልጅ ብዙ ርካሽ ወረቀት ከመግዛት ጥቂት መልካም ወረቀት ገዝቶ በሁለቱም ፊት እንዲሠራበት ማድረግ ይሻላል።

ሁለተኛ፤ ስለ ቀለም። ብዛት ያለው ሣጥን አይፈለግም፤ ስድስት ወይም ሰባት ጽኑ ቀለሞች ይበቃሉ። ከብረት አፈር የሚገኙት ቢጫ፥ ቡናማና ቀይ ቀለሞች፥ ኮባልትና አልትራማሪን የተባሉት ሰማያዊዎች ብርሃንን የሚችሉ ናቸው። ዛሬ መልካም ሠሪዎች የቀለሙን ጽናት በቱቦው ላይ ይጽፋሉና ሳያነብቡ መግዛት አይገባም። ከዚህም በላይ ማንም በቤቱ ሊፈትን ይችላል። የያንዳንዱን ቀለም ስስ ቅብ በአንድ ወረቀት ላይ በተርታ ያድርግ፤ ግማሹን በወፍራም ካርቶን ይሸፍን፤ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ለሦስት ወር ይስቀለው። ከዚያ ካርቶኑን ሲያነሣ በሁለቱ ወገን መካከል ልዩነት የሚታይበትን ቀለም ከሣጥኑ ያውጣ። ሦስት ወር መጠበቅ የታከተው ሰው ተርትልን ያስታውስ።

ሦስተኛ፤ ስለ ነጭ። ሠዓሊው ብሩሹን ውሃ ከመንከሩ በፊት በሥዕሉ ውስጥ ከሁሉ የሚያበራው ስፍራ የት እንደ ሆነ ይወስን፤ ያንንም ስፍራ በእርሳስ ቀለል አድርጎ ያመልክተውና እስከ መጨረሻ አይንካው። በውሃ ቀለም ነጩ አስቀድሞ የሚጠበቅ እንጂ በኋላ የሚጨመር አይደለም። የተበላሸ ነጭ ቢታጠብም እንደ ቀድሞው አይሆንም።

አራተኛ፤ ስለ ትዕግሥት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለው ተረት ለዚህ ሙያ የተነገረ ይመስላል። ሰፊ ሰማይ ለመቀባት ሰሌዳው ከራሱ በኩል ጥቂት ከፍ ይበል፤ ብሩሹ በቀለም ይሙላና ከግራ ወደ ቀኝ በአግድም ይሳብ፤ በበታች የሚጠራቀመውን እርጥብ ጠርዝ ቀጣዩ ስባት እየተቀበለ እስከ ታች ያውርደው፤ በመጨረሻ የተረፈውን ጠብታ በደረቀ ብሩሽ ይምጠጠው። ከዚያ በኋላ እጅን መሰብሰብ ነው። ግማሹ በደረቀ ቅብ ላይ ተመልሶ መንካት እድፍ ያመጣል። የውሃ ቀለም ሲደርቅ ከእርጥቡ ይልቅ እንደሚፈዝ ይታወቅ፤ ስለዚህ በእርጥቡ ጥቂት ጠንከር ማድረግ ይገባል። ሁለት የውሃ ዕቃ ይኑር፤ አንዱ ብሩሽ ለማጠብ፥ ሁለተኛው ቀለም ለማቅጠን፤ በቆሸሸ ውሃ የተቀባ ሰማይ ጠርቶ አያውቅምና።

አምስተኛ፤ ስለ ማቆም። ብዙ መልካም ሥዕል የሚበላሸው ከተፈጸመ በኋላ ነው። ሠዓሊው የሚጨምረው ነገር ምን እንደሚጠቅም በቃል መናገር ካልቻለ ብሩሹን ያስቀምጥ፤ ሥዕሉንም ወደ ግድግዳ አዙሮ በማግሥቱ በታደሰ ዐይን ይመልከተው። ኮትማን ከቅጠሎቹ ብዛት የተወው ይበልጥ ነበርና ሥዕሉ ኖረ።

ስድስተኛ፤ ስለ ባልንጀራ። የኖርዊች ሰዎች ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳዩት ማኅበሩን ከመሠረቱ ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል። አስቀድመው እርስ በርሳቸው ተነጋገሩ። ሦስት ወይም አራት ሠዓሊዎች በየሁለት ሳምንቱ በተራ በአንዳቸው ቤት ተሰብስበው ያልተፈጸመ ሥራቸውን ቢያሳዩ ትልቅ ጥቅም ያገኛሉ። ሐሳብ ሰጪውም ውብ ነው ወይም አስቀያሚ ነው ብሎ አይተው፤ ዐይኔ በመጀመሪያ የሄደው ወደዚህ ነው፥ ይህ ጥላ ከየት እንደ መጣ አልገባኝም እያለ ይናገር። ተቀባዩም አይቆጣ፤ ዛሬ ከወዳጅ ያልሰማውን ነገ በትርኢቱ አዳራሽ ከባዕድ ይሰማዋልና።

ሰባተኛ፤ ስለ ትርኢት። ሥራውን የሚያሳይ ሰው ያለውን ሁሉ አያምጣ፤ አሥር ሥዕል ካለው አራቱን ይምረጥ፤ ደካማው ሥዕል የብርቱውን ዋጋ ይቀንሳልና። ክፈፎቹ አንድ ዐይነትና ቀላል ይሁኑ፤ መስተዋቱም ወረቀቱን እንዳይነካ በመካከሉ ከጥጥ የተሠራ ወፍራም ወረቀት መስኮት ተቈርጦለት ይግባ። መስተዋት የነካው ወረቀት እርጥበት ይይዛል፥ ከዚያም ይሻግታል።

ሥዕል ገዝታችሁ በቤታችሁ ለምትሰቅሉ አንባቢዎቻችን ደግሞ የምንለው አጭር ነው። የውሃ ቀለም ሥዕል ፀሐይ በቀጥታ በሚመታው ግድግዳ፥ ከእሳት ምድጃ በላይ፥ ወይም እርጥበት ባለበት ክፍል አይሰቀል። የተሻለው ስፍራ ከመስኮቱ ጋር በአንድ ወገን ያለው ግድግዳ ነው፤ ብርሃኑ ተመልሶ እንጂ በቀጥታ አይደርስበትምና። ሙዚየሞች ለእንዲህ ያለ ሥዕል ብርሃኑን እስከ 50 ሉክስ ዝቅ ያደርጋሉ፤ ከጥቂት ወራትም በኋላ አውርደው ያሳርፉታል። በቤታችን በመሣሪያ መለካት ባንችል እንኳ፥ ሁለት ወይም ሦስት ሥዕል ያለው ሰው በየመንፈቁ አንዱን አውርዶ ሌላውን ቢሰቅል፥ የወረደውም በሣጥን ውስጥ በጨለማ ቢያርፍ ያው ነው። በዚህም ላይ ዐይን የለመደውን ሥዕል ከስድስት ወር በኋላ እንደ አዲስ ያየዋል።

ልጆቻቸው ሥዕል የሚወዱላቸው ወላጆችም አንድ ነገር ያስቡበት። ክሮም የሸማኔ፥ ኮትማን የፀጉር አስተካካይ፥ ተርትል የጫማ ሠሪ ልጆች ነበሩ። አንዳቸውም በሥዕል ብቻ ባለጸጋ አልሆኑም፤ ክሮምና ኮትማን እያስተማሩ፥ ተርትል ክፈፍ እየሠራ ኖሩ። ልጁ ሠዓሊ ልሁን ቢል ወላጅ ሕልሙን ከመከልከል ይልቅ ከሥዕሉ ጋር የሚሄድ ሁለተኛ ሙያ ቢያስተምረው ለሁለቱም ይበጃል። ክፈፍ መሥራት፥ ማስተማር፥ የኅትመት ሥራ ለሥዕል ባዕድ አይደሉም፤ ሠዓሊውም ለእንጀራ ሲል በችኮላ እንዳይሠራ ይጠብቁታል።

በ1946 ራስል ጄምስ ኮልማን የተባለው የኖርዊች ባለጸጋ የሰበሰባቸውን የነዚህን ሠዓሊዎች ሥራዎች ለከተማይቱ አወረሰ። ዛሬ በኖርዊች ቤተ መንግሥት ሙዚየም ከተማይቱ የገዛ ልጆቿን ሥዕል ታሳያለች፤ በዚያም የኮትማን ድልድይ በ1810 ሁለተኛ ጊዜ የተሣለው ይገኛል፤ የተርትልም ሰማይ ቀልቶ ይገኛል። ሁለቱም ሰዎች በአንድ ከተማ፥ በአንድ ማኅበር ኖረዋል፤ ያገቡትም እኅትማማቾችን ነው፤ በትጋታቸውም የሚተናነሱ አልነበሩም። የተርትል ብልሃት በክፈፉ ጠርዝ ሥር በቀረው ቀጭን ሰማያዊ ዳር ይመሰክራል፤ የቀረውን ብርሃን ወስዶታል።

እንግዲህ ብሩሽ የያዛችሁ ሁሉ፥ ዛሬ የምትቀቡት ሰማይ ለልጅ ልጆቻችሁ ምን ዐይነት ቀለም ሆኖ እንደሚታይ አስባችሁ ሥሩ። ሥዕል በቤታችሁ የሰቀላችሁም ዛሬ ማታ ተነሥታችሁ ከየትኛው መስኮት ፊት ለፊት እንዳለ ተመልከቱ።